አረንጓዴ ሻይ ከግፊትና ከስኳር መድኃኒት ጎን፦ ከድሬዳዋ ለተላከ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ በድሬዳዋ ሳቢያን የሚኖሩ መምህርት ናቸው። ሐረር ጁገል ውስጥ የሚኖሩት እናታቸው ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሲሆኑ፣ ለደም ግፊት ኢናላፕሪል፣ ለስኳር ሕመም ደግሞ ሜትፎርሚን ይወስዳሉ። ጅዳ የምትሠራው ታናሽ እህታቸው ለእናቷ አረንጓዴ ሻይና የአረንጓዴ ሻይ ንጥር የያዘ አንድ ብልቃጥ ካፕሱል ልካለች። ጎረቤቶችም «ይህን የጀመረ ሰው ክኒን አያስፈልገውም» ብለው እናትየውን ማሳመን ጀምረዋል። ጠያቂዋ ሻዩ በእርግጥ ግፊትንና ስኳርን ይቀንስ እንደሆነ፣ ካንሰርን ይከላከል እንደሆነ፣ ካፕሱሉ ከሻዩ ይሻል እንደሆነ፣ እናታቸው ዘወትር ጠዋት የሚጠጡትን ቁጢ (የቡና ቅጠል ፍል) መተው ይኖርባቸው እንደሆነ ጠይቀዋል። በመጨረሻም እርሳቸው ራሳቸው የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ስለሆኑ ከእናታቸው ጋር መጠጣት ይችሉ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ።

ውድ እህቴ፣ እናትዎ ምናልባት ዛሬ ማታ ብልቃጡን ሊከፍቱት ስለሚችሉ መልሱን በቅድሚያ ልስጥዎ። ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጡ፤ ይጠቅማቸዋል እንጂ አይጎዳቸውም። ክኒናቸውን አንድ ቀንም ቢሆን አያቋርጡ። ካፕሱሉን ግን አይውሰዱ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የነዚህ ሦስት ምክሮች ምክንያት ነው። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አረንጓዴ ሻይና በየሻይ ቤቱ የምንጠጣው ጥቁር ሻይ ከአንድ ተክል የሚገኙ ናቸው። በካፋ ውሽውሽ፣ በኢሉባቦርም ጉማሮ የሚለማው ካሜሊያ ሳይነንሲስ የተባለው ተክል የሁለቱም ምንጭ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ቅጠሉ ከተለቀመ በኋላ በሚደረግለት ነገር ነው። ለጥቁር ሻይ የሚሆነው ቅጠል ጠውልጎና ታሽቶ ከአየር ጋር ሲገናኝ፣ በውስጡ ያለው ኢንዛይም ካቴኪን የተባሉትን ውህዶች ቴአፍላቪንና ቴአሩቢጂን ወደሚባሉ ሌሎች ውህዶች ይለውጣቸዋል፤ የሻዩ ቀይ ቀለምም ከነዚህ ይገኛል። አረንጓዴው ሻይ ግን ወዲያው እንደተለቀመ በእንፋሎት ወይም በጋለ ምጣድ ስለሚሞቅ ኢንዛይሙ ሥራውን ያቆማል፤ ካቴኪኖቹም እንዳሉ ይቆያሉ። ካቴኪንን ከአረንጓዴ ሻይ ለይተው ያወጡት ጃፓናዊቷ ሳይንቲስት ሚቺዮ ጹጂሙራ ሲሆኑ፣ ጊዜውም 1929 ነበር። ዋና ዋናዎቹ ካቴኪኖች አራት ናቸው፤ ከነርሱም በብዛት የሚገኘውና ብዙ የተጠናው ኢፒጋሎካቴኪን ጋሌት፣ በአጭሩ ኢጂሲጂ የሚባለው ነው። ይህን ስም ያስታውሱት፤ በላኩልኝ ፎቶ ላይ በብልቃጡ ጀርባ የተጻፈው እርሱ ነውና።

ስለነዚህ ውህዶች ብዙ የተጋነነ ነገር የሚነገረው በላቦራቶሪ ብልቃጥ ውስጥ የሚታየው ውጤት በሰው አካል ውስጥም እንዲሁ ይደገማል ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። በላቦራቶሪ ኢጂሲጂ የካንሰር ሕዋስ እንዳይራባ ሲያግድ፣ ብግነትን ሲያበርድ፣ ጎጂ የኦክስጅን ቅንጣቶችን ሲያመክን ታይቷል። ሆኖም ለዚህ የሚውለው መጠን ሻይ በጠጣ ሰው ደም ውስጥ ከሚገኘው በብዙ እጥፍ የበለጠ ነው። ከተጠጣው ካቴኪን ወደ ደም የሚገባው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ እርሱም በአንድና በሁለት ሰዓት ገደማ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ደርሶ ይቀንሳል። የቀረው ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና በዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ሌሎች ትናንሽ ውህዶች ይሰባብሩታል። ስለዚህ «በብልቃጥ ውስጥ ካንሰር ገደለ» የሚል ወሬ ሲሰሙ፣ በሰው ላይ ምን ታየ ብለው ይጠይቁ።

በሰው ላይ የታየው ደግሞ ችላ የሚባል አይደለም። በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ኦሳኪ በተባለ አካባቢ ከ1994 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 79 የሆነ 40,530 ሰዎች ለዓመታት ክትትል ተደርጎላቸው ውጤቱ በ2006 ታትሟል። በቀን አምስትና ከዚያ በላይ ስኒ የሚጠጡት ከአንድ ስኒ በታች ከሚጠጡት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በማናቸውም ምክንያት የመሞት ዕድላቸው በወንዶች 12 በመቶ፣ በሴቶች 23 በመቶ ያነሰ ነበር። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው በልብና በደም ሥር በሽታዎች ላይ ሲሆን፣ በካንሰር የመሞት ዕድል ላይ ግን ልዩነት አልተገኘም። የዚያ አገር ስኒ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ የሚይዝ ስለሆነ አምስቱ ተደምሮ ግማሽ ሊትር ነው፤ ለእናትዎም የሚከብድ መጠን አይደለም።

ይህ ጥናት ግን ሰዎች የሚኖሩትን ኑሮ እየተከታተለ የመዘገበ እንጂ ሻይን እንደ መድኃኒት ሰጥቶ የፈተነ አይደለም። ሻይ አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው ምናልባት ዓሣና አትክልትም አብዝቶ ይበላ ይሆናል፤ ብዙም ይራመድ ይሆናል። አጥኚዎች ይህን በስሌት ለማስተካከል ቢጥሩም ሙሉ በሙሉ አይሳካላቸውም። ደግሞም በ2022 በብሪታንያ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሰዎችን የተከታተለ፣ ጠጪዎቹም በአብዛኛው ጥቁር ሻይ የሚጠጡበት ጥናት፣ በቀን ሁለትና ከዚያ በላይ ኩባያ የሚጠጡት ሰዎች የመሞት ዕድል ከ9 እስከ 13 በመቶ ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ይህን የማነሳው የተላከው ሻይ ሲያልቅ እናትዎ እንዳይጨነቁ ነው። ከቀፊራ ገበያ የሚገዛው የአገር ውስጥ ጥቁር ሻይም፣ ስኳር ካልበዛበት፣ ጥሩ መጠጥ ነው።

አሁን ወደ ግፊቱና ወደ ስኳሩ ልምጣ። አረንጓዴ ሻይን ከሌላ መጠጥ ጋር በዕጣ እየመደቡ የፈተኑ ብዙ ትናንሽ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ የላይኛውን የግፊት ቁጥር የሚቀንሰው በ2 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው። ጎጂ የሚባለውን ኮሌስትሮል የሚቀንሰው በዴሲ ሊትር በጥቂት ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በባዶ ሆድ በሚለካ ስኳር ላይ የታየው ለውጥ ከዚህም ያነሰ ነው። ካቴኪን የደም ሥሮች የውስጥ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ እንዲያመነጭና ሥሮቹ ዘና እንዲሉ ስለሚረዳ፣ የግፊቱ ለውጥ ትንሽ ይሁን እንጂ ምክንያት አለው። ነገር ግን ግፊታቸው 160 የነበረና በኢናላፕሪል 130 የደረሰ ሰው መድኃኒቱን ትቶ በሻይ ቢተካው፣ ያጣውን ሠላሳ ሻዩ አይመልስለትም። ግፊት ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ስለማያም፣ እናትዎ ክኒኑን ካቆሙ በኋላ ለሳምንታት «ደህና ነኝ» ሊሉ ይችላሉ። በአገልግሎት ዘመኔ በጣም ያሳዘኑኝ ሕሙማን እንዲህ ደህና ነኝ እያሉ ቆይተው በስትሮክ የወደቁት ናቸው። ስለዚህ ጎረቤቶቹ ምንም ያህል ለእናትዎ ቢያስቡ፣ በዚህ ነጥብ ላይ የሚሰጡት ምክር አደገኛ ነው።

ስለ ካንሰርና ስለ ውፍረት ብዙ አልልም። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት በ2020 ያወጣው ግምገማ በድምሩ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 142 ጥናቶች መርምሮ፣ አረንጓዴ ሻይ ካንሰርን ይከላከላል ለማለት ማስረጃው እርስ በርሱ የማይስማማ መሆኑን ደምድሟል። በክብደት ላይም በ2012 የወጣ ተመሳሳይ ግምገማ ያገኘው ቅናሽ በጣም ትንሽና ለጤና ትርጉም የሌለው ነው።

ታዲያ ይጠቅማቸዋል ያልሁት ለምንድን ነው? ዋናው ጥቅም ሻዩ የሚተካው ነገር ላይ ነው። በእኛ አካባቢ ሻይ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ስኳር የበዛበት ሻይ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። በአንድ ብርጭቆ ሦስት ማንኪያ እየጨመሩ በቀን አምስት ብርጭቆ የሚጠጡ ሰው ከሻይ ብቻ 60 ግራም ስኳር ያገኛሉ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ ለአንድ ጎልማሳ ሰው ከምግብና ከመጠጥ የሚጨመር ስኳር በድምሩ ከ50 ግራም ገደማ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል 25 ግራም ላይ እንዲቆም ይመክራል። እናትዎ የስኳር ሕመምተኛ ስለሆኑ ይህ ቁጥር ለእርሳቸው ይበልጥ ይጠብቃል። አረንጓዴ ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ስለሚለመድ፣ እነዚያን 60 ግራሞች ካስቀረላቸው፣ ካቴኪን ከሚያስገኝላቸው ሁሉ የበለጠ ለውጥ በስኳር መለኪያቸው ላይ ያያሉ። ስኳር ከተጨመረበት ግን የጅዳው ሻይ ምንም ልዩነት አይኖረውም። መራርነቱ ካስቸገራቸው ቀረፋ፣ ሄል ወይም ቅርንፉድ አብረው ያፍሉበት፤ የሎሚ ጠብታም ጥሩ ነው። በላቦራቶሪ በተሠራ የምግብ መፈጨት ሙከራ፣ ሎሚ ካቴኪን በአንጀት ውስጥ እንዳይበላሽ እንደሚረዳ ታይቷል።

የካፕሱሉ ነገር ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። «ከተክል የተሠራ ነው፣ ምን ያደርጋል?» የሚለው አስተሳሰብ ሰዎችን ለጉበት ጉዳት ዳርጓል። በ2003 ከአረንጓዴ ሻይ ንጥር የተሠራ አንድ የክብደት መቀነሻ በጉበት ጉዳት ምክንያት በፈረንሳይና በስፔን ከገበያ እንዲወጣ ተደርጓል። በአሜሪካ ሚኒሶታ የወር አበባቸው ባቆመ 1,075 ሴቶች ላይ በተካሄደ የአንድ ዓመት ጥናት፣ ግማሾቹ በየቀኑ 843 ሚሊ ግራም ኢጂሲጂ በካፕሱል ሲወስዱ፣ ከነርሱ ከመቶ አምስት ያህሉ የጉበት ኢንዛይማቸው ጎልቶ ከፍ ብሏል፤ ባዶ ካፕሱል ከወሰዱት መካከል ግን ይህ የታየባቸው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። እነዚህ ሴቶች በዕድሜ የእናትዎ እኩዮች መሆናቸውን ያስተውሉ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣንም በ2018 ማስረጃውን መርምሮ፣ በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ኢጂሲጂ በካፕሱል መልክ መውሰድ የጉበት ጉዳት ምልክት እንደሚያስከትል፣ በተለመደው መንገድ ፈልቶ የሚጠጣው ሻይ ግን በአጠቃላይ ደኅንነቱ የተጠበቀ መሆኑን አስታውቋል።

ልዩነቱ የመጠንና የፍጥነት ነው። ሻይ ጠጪ ኢጂሲጂን ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ ከብዙ ውኃ ጋር ያገኛል፤ ካፕሱል ዋጪው ግን ያንን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጭነዋል። በባዶ ሆድ ሲወሰድ ደግሞ ወደ ደም የሚገባው መጠን ከፍ ስለሚል አደጋው ይጨምራል። በሮመዳን ለማፍጠሪያ፣ በዐቢይ ጾምም ከቀትር በኋላ ጾም ሲፈታ እንዲህ ያለ ካፕሱል በባዶ ሆድ የሚውጡ ሰዎች አጋጥመውኛል። በዘር ውርስ ምክንያት ጉበታቸው ለዚህ ንጥር ይበልጥ የተጋለጠ ሰዎች መኖራቸውም ታውቋል፤ ማን እንደሆነ ግን ፊት አይቶ መለየት አይቻልም። በላኩልኝ ፎቶ መሠረት የእናትዎ ብልቃጥ በአንድ ካፕሱል 400 ሚሊ ግራም ኢጂሲጂ ይላል፤ «በቀን ሁለት» የሚለውን መመሪያ ቢከተሉ ሚዛኑ ልክ 800 ላይ ያርፋል። የእህትዎን በጎ ሐሳብ ሳይነቅፉ፣ በሚቀጥለው ጊዜ በካፕሱሉ ፈንታ የቤት ግፊት መለኪያ እንድትልክ ይንገሯት፤ ለእናትዎ ከዚያ የሚበልጥ ስጦታ የለም።

ከመድኃኒት ጋር ስለመጋጨት ለጠየቁት፦ ኢናላፕሪልና ሜትፎርሚን በቀን ጥቂት ብርጭቆ ሻይ ከሚጠጣ ሰው ጋር የጎላ ግጭት የላቸውም። ሆኖም ሻይ መድኃኒት ወደ ደም የሚገባበትን መንገድ ሊዘጋ እንደሚችል የሚያሳይ ማስረጃ አለ፤ ናዶሎል የተባለው የግፊት መድኃኒት ከአረንጓዴ ሻይ ጋር ሲወሰድ በደም ውስጥ የሚገኘው መጠን በ85 በመቶ መቀነሱ በ2014 ታይቷል። ስለዚህ ማንኛውንም ክኒን በንጹሕ ውኃ መዋጥ፣ ሻዩን ከአንድና ከሁለት ሰዓት በኋላ ማድረግ መልካም ልማድ ነው። ቦርቴዞሚብ በተባለ የካንሰር መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ደግሞ የአረንጓዴ ሻይ ንጥርን ፈጽሞ መውሰድ የለበትም፤ ኢጂሲጂ መድኃኒቱን እያሰረ ኃይሉን እንደሚያጠፋ በላቦራቶሪና በእንስሳት ላይ ታይቷል።

ስለ ቁጢው ደግሞ እናትዎን ደስ የሚያሰኝ መልስ አለኝ። የቡና ቅጠል እንደ ሻይ ቅጠል ሁሉ በተክል ውህዶች የበለጸገ ነው። ክሎሮጄኒክ አሲድ አለው፤ በማንጎ ቅጠልና ልጣጭ የሚታወቀው ማንጂፈሪን የተባለው ውህድም በአረቢካ ቡና ቅጠል ውስጥ ይገኛል፤ ካፌይኑም መጠነኛ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2020 የቡና ቅጠል ፍልን እንደ ባህላዊ መጠጥ በገበያው እንዲሸጥ ፈቅዷል፤ ሐረሮች ግን ይህን ከጥንት ጀምሮ ሲጠጡት ኖረዋል። እንደ አረንጓዴ ሻይ በአሥር ሺዎች ላይ ለዓመታት የተደረገ ክትትል ባይኖረውም፣ እናትዎ ዕድሜ ልካቸውን የለመዱትን ለመተው የሚያስገድድ ምክንያት አላይም። የምለምናቸው አንድ ነገር ነው፤ ጨዉን። ቁጢ በወተትና በጨው የሚጠጣ ስለሆነ፣ ዘወትር ጠዋት አንድ ሁለት ስኒ ጨው ያለበት ቁጢ ለግፊት ሕመምተኛ ከባድ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በቀን የሚመክረው የጨው መጠን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ሲሆን፣ ከወጡና ከዳቦው የሚገኘውም በዚሁ ይቆጠራል። ጨዉን በየሳምንቱ እየቀነሱ ምላሳቸው እስኪለምድ ቢታገሡ፣ በግፊታቸው ላይ የሚያዩት ለውጥ አረንጓዴ ሻይ ከሚያስገኘው ሊበልጥ ይችላል።

እርስዎን በተመለከተ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ካፌይኗን በቀን ከ200 ሚሊ ግራም ባታስበልጥ ይመረጣል። ሩብ ሊትር ገደማ በሚይዝ ኩባያ አረንጓዴ ሻይ ውስጥ 30 ሚሊ ግራም ገደማ ካፌይን ሲኖር፣ በዚያው መጠን የተጣራ ቡና ውስጥ 95 ገደማ ይገኛል። ቡናዎን ካልተዉ በቀን አንድ ሁለት ኩባያ አረንጓዴ ሻይ በቂ ነው። ከካፌይኑ ይልቅ የሚያሳስበኝ ብረት ነው። የሻይ ፖሊፊኖል፣ ማለትም ካቴኪንን የሚያካትተው የውህዶች ቤተሰብ፣ ከጤፍ፣ ከምስርና ከጎመን የሚገኘውን ብረት በአንጀት ውስጥ ይይዘውና እንዳይገባ ያደርገዋል፤ ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ኩባያ ሻይ የሚገባውን ብረት ከግማሽ በላይ ሊቀንሰው ይችላል። ከምሳ ቢያንስ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ሲጠጣ ግን ጉዳቱ በእጅጉ ይቀላል። በእርግዝና ክትትል የተሰጠዎትን የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን በምንም ዓይነት በሻይ አይዋጡ፤ በውኃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ይውሰዱት። ካፕሱሉ ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ አይሆንም፤ ኢጂሲጂ በብዛት ሲገኝ የፎሌትን (የፎሊክ አሲድን) ሥራ ያውካልና።

ስለ አፈላሉም ጥቂት ልበል። የድሬዳዋ የቧንቧ ውኃ ኖራ የበዛበት መሆኑን ማንቆርቆሪያዎ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ንጣፍ ይነግርዎታል። እንዲህ ያለ ውኃ ካቴኪንን በደንብ አያወጣም፤ ሻዩንም ያደበዝዘዋል፣ በላዩም ስስ ሽፋን ያመጣበታል። ለአረንጓዴው ሻይ ብቻ የታሸገ ወይም የተጣራ ውኃ ቢጠቀሙ ጣዕሙም ይዘቱም ይሻላል። ውኃው ከፈላ በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል አብርደው ቅጠሉ ላይ ያፍሱት፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ አቆይተው ያጥልሉት። ቅጠሉን እንደ ጥቁር ሻይ በእሳት ላይ ማንተክተክ ምሬቱን ያበዛዋል። እጅግ ትኩስ አድርጎ መጠጣትም አይገባም፤ የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ተቋም በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሚጠጣ ማንኛውም መጠጥ ለጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሊያጋልጥ እንደሚችል ገልጿል። ሻዩን ለድሬዳዋ ፀሐይና ሙቀት በማይጋለጥ የተዘጋ ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጡት።

እናትዎ ጫት የሚቅሙ ከሆነ፣ ባልጠቀሱትም እንኳ፣ በበርጫ ላይ ሻይ መደራረቡን ይተዉት። ጫት ራሱ የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ የሻዩ ካፌይን ሲጨመርበትም እንቅልፍ ይነሳል። በዚያ ሰዓት የሚለካ ግፊት ደግሞ ሐኪሙን ያሳስተዋል።

ካፕሱሉን አስቀድመው ጀምረው ከነበረ ዛሬውኑ ያቁሙ። በሚቀጥሉት ሳምንታት የዓይናቸው ነጭ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንታቸው እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ፣ ያለ ምክንያት ከደከማቸው፣ ካቅለሸለሻቸው ወይም በቀኝ ጎናቸው ከጎድን አጥንት በታች ሕመም ከተሰማቸው፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ብልቃጡንም ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ የጉበት ኢንዛይም ምርመራ ሲያዝ ምን እንደወሰዱና ስንት እንደወሰዱ ከጽሑፉ ማንበብ ይኖርበታል።